ፍሬን በምራን ታስሮ

ዛሬ ጠዋት የእርሻችን አሮጌ ትራክተር ፍሬን አልይዝ ብሎት በሳጉሬ ቁልቁለት ተንደርድሮ የሰው አጥር ውስጥ ገባ። አጥሩ ባያቆመው ከታች ገበያ ላይ የነበረውን ሰው ይጨርሰው ነበር!

እኔ መካኒኩ እየሮጥኩ ደርሼ ከሥሩ ገባሁ። የፍሬኑን መርገጫ ከዘንጉ የሚያያይዘው ፒን የለም። በቦታው ምራን ታስሯል! ሞፈርና ቀንበር የምናስርበት ጠፍር፣ ዝናብ አርሶት ተለጥጧል።

«ጋሽ ቱፋ፣ አሮጌው ፒን ቢያልቅ አዲስ ሠርቼልዎት አልነበር?» ብዬ ጮህኩ።

ሾፌሩ ጋሽ ቱፋ በጨርቅ የጠቀለሉትን ፒን ከኪሳቸው አወጡ። «እሱም እንዳያልቅ ብዬ ነዋ!»

ዕድሜያቸውን በሬ ጠምደው የኖሩ ሰው ናቸው። በሬ እኮ «ቁም» ሲሉት ይቆማል!

እስቲ ንገሩኝ፤ በእናንተስ ሰፈር ዕቃው እንዳያልቅ ተብሎ ሰው ሊያልቅ የደረሰበት ጊዜ አለ?