ከግጥሚያው በፊት ወጌሻ ቤት

ልጅ እያለሁ እኛ የጨለለቂ ሰፈር ልጆች ኳስ ተጫውተን በጤና የምንመለስበት ቀን ጥቂት ነበር። ማሟሟቂያችን ከቤት እስከ ሜዳ መሮጥ ነው፤ ሜዳው ደግሞ ግማሹ ዳገት፣ ግማሹ ድንጋይ። እኔማ የታላቅ ወንድሜን ጫማ አፍንጫው ላይ ጨርቅ ጠቅጥቄ ስለምጫወት፣ እግሬ ሲታጠፍ ጫማው መንገዱን ይቀጥል ነበር።

ከበከኒሳ ቀሴ ሰፈር ልጆች ጋር ልንጋጠም አንድ ቀን ሲቀረን ቀኝ እግሬን ወለም አለኝ። ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ዳቦ አከለ። አምበላችን ቶሌራ "አመመህ?" እንኳ ሳይል "ማንም እንዳይሰማ!" አለኝ። የቡድናችን ጎል አግቢ እኔ ነበርኩ፤ በከኒሳዎች ካወቁ ያቺኑ እግር እየፈለጉ ይረግጧታል። እኔ ግን ከመረገጡ ይልቅ ሳልሰለፍ መቅረቱን ነበር የፈራሁት። ቶሌራ ትከሻ ላይ ተንጠልጥዬ፣ በጓሮ በጓሮ ወጌሻው ኦቦ ዲንሳ ቤት ሄድን።

ስንገባ የለጋ ቅቤ ሽታ ተቀበለን። አግዳሚው ላይ የበከኒሳው በረኛ ገመቹ ግራ እጁን ሹራቡ ውስጥ ሸጉጦ ተቀምጧል። ክው አልኩ።

"አካም ጅርታ?" ብዬ ሰላም አልኩት፣ እንደ ጤነኛ ለመቆም እየታገልኩ።

"ፋያ፣ ደህና ነኝ! አክስቴን እየጠበቅኩ ነው።"

"እኔም ቶሌራን አጅቤ ነው።"

ቶሌራ ምኑን እንደሚያመው አስቀድመን ስላልተነጋገርን በድንጋጤ ሆዱን ያዘ።

"ለሆድ ወጌሻ ቤት ይመጣል እንዴ?" አሉ ኦቦ ዲንሳ እጃቸውን ቅቤ እየቀቡ። "ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ና ተቀመጥ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። እኔ የማውቀው ጉዳት አራት ነው፤ ወለምታ፣ ውልቃት፣ ስብራትና ውሸት።"

እግሬን ይዘው አባቴ ደህና መሆኑን ጠየቁኝ። "ደህ..." ስል ሳቡት። ቀጥሎ የገመቹን የወለቀ ጣት መለሱ፤ እሱ ከኔም የባሰ ጮኸ። "ሁለት ሳምንት ኳስ የለም!" አሉን። ሁለታችንም እሺ ብለን ወጣንና በር ላይ "እንዳትናገር"፣ "አንተም እንዳትናገር" ተባብለን ተለያየን።

በማግስቱ ሁለታችንም ተሰለፍን። ባዶ ለባዶ ሊያልቅ ሲል ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን። ቶሌራ ጠጋ ብሎ "በግራ እጁ በኩል ምታ!" ሲል አንሾካሾከልኝ። ገመቹን አየሁት፤ አንጀቴን በላኝ። በደህናው እጁ በኩል ቀስ አድርጌ ገፋኋት። እሱ ለካ በታመመው በኩል እንደምመታ እርግጠኛ ሆኖ ወደዚያው ተወርውሮ ነበር! ኳሷ ተንከባልላ ገባች። ጓደኞቼ "አንተ ብልጥ!" እያሉ ተሸከሙኝ። ገመቹ ግን "አታለልከኝ" አለኝ። አዝኜልህ ነው ብዬ ብምልም ብገዘትም ጎልማሳ ሆነን እንኳ አላመነኝም።

ዛሬ ልጄ እዚሁ ነቀምት በልኩ በተገዛ ጫማ ይጫወታል። አሰልጣኙ በደንብ ሳያሟሙቅ አያሰልፈውም፤ ቢጎዳም በረዶ ተይዞለት ሐኪም ያየዋል። ዝናብ ሊመጣ ሲል ቁርጭምጭሚቴን ለሚቆረጥመኝ ለእኔ ይህ የሚያስቀና ነገር ነው።

በቀደም ፍጹም ቅጣት ምት አግብቶ እየፈነደቀ መጣ።

"በረኛው ማን ነው?" አልኩት።

"እኔ ምን አውቄ አባዬ? የሆነ ልጅ ነው።"

ጎበዝ ብዬ ሳምኩት። ግን ደግሞ ልጄ አሳዘነኝ፤ እኔ ገመቹን እንዳወቅኩት የሚያውቀውና የሚራራለት በረኛ የለውም።