ከሙዚየም የወጣው አልጋ

መተማ ዮሐንስ የሄድኩት የአካባቢውን ታሪክ የምታሳይ ባለ አንድ ክፍል ሙዚየም አለች ሲሉኝ ነው። ጎብኚ እኔ ብቻ ነበርኩ። አንገረብ የሚሉትን የድሮ የጠፍር አልጋ ጎንበስ ብዬ ሳይ አንዲት ነጋዴ ከእህታቸው ጋር እየተጣደፉ ገቡ።

«ልጄ ዛሬ ሂና ትቀባለች፤ አልጋችንን ስጠን» አሉት የሙዚየሙን ጠባቂ።

«እትዬ ዘሃራ፣ እንግዳ እያየችው እኮ ነው!»

«ወላሂ፣ እናቴም እኔም ሂና የተቀባነው እዚህ ላይ ነው። ስንሰጣችሁ ለሠርግ እንወስደዋለን አላልንህም? ልጄ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ትቀመጥልህ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ፊቴ ጋለ። የጠፍሩን አጠላለፍ ገና በቅጡ አላየሁትም ነበር።

«ጨርሻለሁ» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ተባረኪ! በይ አንዱን እግር ያዥ።»

እሳቸው፣ እህታቸው፣ ጠባቂውና እኔ ቅርሱን ተሸክመን በባጃጆች መሃል እየተሽሎከለክን ሠርግ ቤት ደረስን። ሴቶቹ እልል ሲሉ ሙሽራዋ ልትቀመጥ ስትል ጠባቂው እጁን ዘርግቶ አስቆማት።

«አንዴ ቆዪ። ይቺ እንግዳ አልጨረሰችም፤ ይሉኝታ ይዟት ነው» አለና ወደ እኔ ዞረ። «በይ እህቴ፣ ቶሎ እዪው። እሷ አንዴ ከተቀመጠች ማን ያስነሳታል?»