የቲቸር አበባው ሃሎ

ቲቸር አበባው መርሳ ላይ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረዋል። እኔንም አስተምረውኛል፤ ወድቄ ሱቅ ከፈትኩ እንጂ። እሳቸው ግን «አንቺ ሰነፍ» እያሉኝ ሱቄ ድረስ እየመጡ ማስተማራቸውን አልተዉም። አንዱ ደንበኛ ስልክ አንስቶ «ሃሎ» ካለ አለቀለት!

«ትርጉሙን ታውቀዋለህ?» ይሉና ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥራሉ። አንድ፣ ሰላምታ። ሁለት፣ የመገረም ቃል። ሦስት፣ ሰው መኖሩን መጠየቂያ፤ እኛ ደጅ ቆመን «ቤቶች!» እንደምንለው። «ጥንት እንግሊዞች ከወንዝ ማዶ ያለውን ጀልባ የሚጠሩበት ጩኸት ነበር። ኋላ ስልክ ሲመጣ ስልክ ላይ ወጣ። ጨዋ ሰው ግን 'ማን ልበል?' ይላል እንጂ አይጮህም!»

ቤታቸው ውስጥ ሃሎ ክልክል ነው። ልጃቸው ትንሳኤ እንኳ ሲደውል «አባባ፣ እንደምን ዋሉ» ብሎ ነው የሚጀምረው።

በ2013 ክረምት ጦርነቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ ትንሳኤ ወደ ደሴ ሸሸ። መብራትም ስልክም ጠፋ። ኋላ ደሴም ተያዘች። አምስት ወር ሙሉ መኖሩን መሞቱን የሚነግረን ጠፋ። ቲቸር በየቀኑ መጥተው ስልካቸውን ሱቄ ካለው ሶላር ላይ ይሰኩና ኔትወርክ መጥቶ እንደሆነ እያዩ ይቀመጣሉ። ሆን ብዬ «ሃሎ» ብላቸው እንኳ አልተቆጡም። አንጀቴን በሉት። ቁጣቸው ናፈቀኝ።

ጥር ላይ፣ ኔትወርክ በተመለሰ በማግስቱ፣ ያ ስልክ ጠራ። የማይታወቅ ቁጥር ነው። ቲቸር ብድግ ብለው አነሱት።

«ሃሎ!» ብለው ጮኹ።

«ሃሎ! አባባ!» የትንሳኤ ድምፅ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማቸው! «ሃሎ! ሃሎ! ሃሎ!» እያሉ ወጥተው አስፋልቱ ዳር ደረሱ። ባጃጆች ሳይቀሩ ቆሙ። ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ።

ሚስታቸው ወይዘሮ ደብሪቱ ጩኸቱን ሰምተው በባዶ እግራቸው ሮጠው መጡ። «ምን አለ? የት ነው ያለው? ደኅና ነው? መቼ ይመጣል?»

ቲቸር ስልኩን አዩ። ለካ አንዱንም አልጠየቁትም።

«ሃሎ አለኝ» አሉ።

ወይዘሮ ደብሪቱ እልልታቸውን አቀለጡት። እኔም «አልሐምዱሊላህ!» አልኩና እያለቀስኩም ቢሆን ምላሴ አላረፈም። «ቲቸር፣ ሃሎ ክልክል አልነበረም እንዴ?»

«አንቺ ሰነፍ!» አሉኝ፣ እንባቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ። «ሦስተኛውን ትርጉም ስንት ጊዜ ላስተምርሽ?»

እሰይ፣ ተቆጡኝ።