በግምጃ ቤት አደራ ያለው የወይዘሮ አርሊስ ጌጥ

ወይዘሮ አርሊስ ትቬይት የሚኖሩት በልጃቸው በሎዌል ቤት፣ መስኮቱ የስንዴ ማሳ በሚያሳይ ክፍል ውስጥ ነው። መኪና መንዳት ከተዉ ወዲህ ከተማ የሚወርዱት ልጃቸው ሲወርድ ነው። ስልኩን የሚያነሣው፣ ፖስታቸውን የሚከፍተው፣ መታወቂያቸውን በኪሱ የሚይዘው እሱ ነው። ክፉ ሆኖ አይደለም። ካቻምና አንድ ሰው ደውሎ «የልጅ ልጅሽ ታስሯል፣ ማስፈቻ ላኪ» አላቸውና፣ ገንዘብ የተሞላበት የስጦታ ካርድ ከሱቅ እየገዙ ቁጥሩን በስልክ አነበቡለት፤ ገንዘቡም በዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ «ቆይ እኔ ልየው» የምትለው የሎዌል ቃል የቤቱ ሕግ ሆነች። እሳቸውም እፍረቱ አፋቸውን ስለያዘው አልተከራከሩም።

በበጋው መጀመሪያ ከክፍለ ግዛቱ ግምጃ ቤት ደብዳቤ መጣላቸው። ሎዌል አነበበና ቀደደው።

«መንግሥት መውሰድ እንጂ መመለስ መቼ ያውቃል፣ እማዬ? እነዚያው ሌቦች ናቸው።»

ሌቦች አልነበሩም። እዚህ ላይ ስለ ግምጃ ቤቱ ጥቂት ልበል፤ ከመንግሥት ሥራ ሁሉ እንደዚህ ደስ የሚለኝ የለም። የግዛቱን ገንዘብ ተቀብሎ እንደሚያስቀምጥና ወጪውን እንደሚከፍል ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው አደራ ጠባቂነቱን ነው። ሰው ቤት ይቀይራል፣ ይረሳል፣ ይሞታል። ባንክ ውስጥ የተከራየው ሣጥን ኪራዩ ሳይከፈል ዓመታት ቢያልፉ፣ ባንኩ ዕቃውን የራሱ ማድረግ አይችልም፤ ሣጥኑን ከፍቶ፣ ያገኘውን መዝግቦ ለግምጃ ቤቱ ያስረክባል። ግምጃ ቤቱ ደግሞ ባለቤቱን ፍለጋ ይነሣል። መጀመሪያ ይጽፋል። መልስ ሲያጣ ኮምፒዩተሩን ይዞ ሰው ወዳለበት ይሄዳል። በየዓመቱ በአውራጃችን የእርሻ ትርኢት ላይ፣ በተሸለሙት ዱባዎችና በእጅ በተሰፉት ብርድ ልብሶች መካከል ጠረጴዛ ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ሰዉም ቋሊማውን እየገመጠ ስሙን ያስፈትሻል። አንድ ጎረቤቴ በዚህ መንገድ የሟች አባቱን የኪስ ሰዓት አግኝቶ፣ ቀኑን ሙሉ ላገኘው ሰው ሁሉ ሰዓት ሲነግር ዋለ።

አደራው ግን ወሰን አለው። መጋዘኑ ስለሚሞላ፣ ያልተጠየቀ ዕቃ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጨረታ ይሸጣል። የሽያጩ ገንዘብ ባለቤቱ እስኪመጣ በስሙ ይቀመጥለታል፤ ዕቃው ግን አይመለስም።

ዘንድሮ በትርኢቱ ላይ ሎዌል ወደ ኮርማዎቹ ውድድር ሲሄድ፣ ወይዘሮ አርሊስ ብርድ ልብስ የሚያዩ መስለው ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ። ከዋናው ከተማ የመጣችው የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ማሪሴላ ኪሮዝ ቀና አለች።

«ስምዎን ልፈልግልዎ?»

«ኧረ እንዲያው እያለፍኩ ነው።» ግን አላለፉም። «ለነገሩ… ሄጅ በሚል ስም ብትፈልጊ፤ ከማግባቴ በፊት የነበረኝ ስም ነው፤ አሁን ትቬይት ነኝ።»

ማሪሴላ ጻፈች። «የባንክ ሣጥን አለ።»

«የእናቴ የደረት ጌጥ ነው። ከኖርዌይ የመጣ ብር፤ ትንንሽ ማንኪያ የሚመስሉ ነገሮች ይንጠለጠሉበታል፤ ስትራመጅ ይንሿሿል። ኪራዩን ባለቤቴ ነበር የሚከፍለው። ሲሞት ሁሉም ነገር ተበተነ።»

የድሮ ቤታቸው ፈርሷል፤ ዕቃው ተሸጧል። በሎዌል ቤት ውስጥ «የኔ» የሚሉት ከልብሳቸው በቀር የለም።

«የሚቀጥለው ጨረታ ላይ ሊወጣ ነው» አለች ማሪሴላ። «መታወቂያ አሳይተው ማመልከቻ ካስገቡ ሽያጩ ይቆማል። አሁን ላስጀምርልዎ?»

«አይ፣ አይ፣ ልጄ። ሥራ አላስፈታሽም።»

«እሺ፣ እንዳሉ» አለችና ወደ ተከታዩ ሰው ዞረች።

በዚህ አገር «በሞቴ» አይባልም፤ ነገሩ ግን አለ። ኬክ ሲቀርብልህ ሁለት ጊዜ እምቢ ትላለህ፤ በሦስተኛው «እንግዲህ ትንሽ ቁረጡልኝ» ትላለህ። በመጀመሪያው እሺ ያለ ሆዳም ነው። ያ የስልክ ሌባ ይህን ያውቅ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ለመናቸው። የግምጃ ቤቱ ሰዎች ግን እንደ እሱ ዓይነቱን እንዳይመስሉ፣ አይሆንም ያለን ሰው መወትወት ተከልክለዋል።

ወይዘሮ አርሊስ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ተመልሰው ቢጠይቁ ልመና ይሆንባቸዋል፤ ቢሄዱ ጌጡ ይሄዳል። ማሪሴላ ቀና ባለች ቁጥር እሳቸውም ቀና ይላሉ። ልጅቷ ፈገግ ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ሎዌል መጣ። የጠረጴዛውን ጽሑፍ ሲያይ ፊቱ ተቀየረ።

«ለእናቴ ደብዳቤ የላካችሁት እናንተ ናችሁ? ምን አላት እናንተ ዘንድ?»

«ለባለቤቱ እንጂ ለሌላ አንናገርም።»

«ልጇ ነኝ እኮ።»

«ገብቶኛል። ግን አልነግርዎትም።»

ሎዌል ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «ሌባ ብትሆን እስካሁን ትለፈልፍ ነበር» አለ ለራሱ።

ማሪሴላ ወደ አግዳሚው ተመለከተች። «ወይዘሮ ትቬይት፣ ላስጀምረው እንዴ?»

«አይ…» አሉ ወይዘሮ አርሊስ። ሳያስቡት ወጣ።

«አልፈልግም አለች» አለ ሎዌል፤ ክንዳቸውን ደግፎ አስነሣቸው። «ነይ፣ እማዬ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ እንሂድ።»

ማሪሴላ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረች። ሦስተኛ የሚጠይቃቸው አልነበረም። ወይዘሮ አርሊስ አልተንቀሳቀሱም።

«መታወቂያዬን ስጠኝ፣ ሎዌል።»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ጌጤን ሊሸጡት ነው።»

«የምን ጌጥ? ጌጥ ኖሮሽ አያውቅም።»

«የእናቴን። ጠይቀኸኝስ መቼ ታውቃለህ?»

ሎዌል ሰዉን አየ፣ ማሪሴላን አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ የኪስ ቦርሳውን አውጥቶ መታወቂያውን ሰጣቸው። ወይዘሮ አርሊስ ጆሮአቸው እስኪቀላ አፍረው ማመልከቻውን ፈረሙ።

«ሽያጩ ቆሟል» አለች ማሪሴላ። «ባለቤትነትዎ ሲጣራ በፖስታ ይላክልዎታል፤ አለዚያም ዋናው መሥሪያ ቤት መጥተው ይወስዱታል።»

«በፖስታ አይሆንም» አሉ ወይዘሮ አርሊስ። ሎዌል ጫማውን ተመለከተ።

በፒካፑ ወደ ቤት ተመለሱ። «አኩሪ አተሩን ልሰብስብና ዋናው መሥሪያ ቤት እወስድሻለሁ» አለ ሎዌል መንገድ ላይ።

«ከአኩሪ አተሩ በፊት።»

«ኮምባይነሩን ማን ሊነዳው? አንቺ?»

«ከአኩሪ አተሩ በፊት፣ ሎዌል።»

ሎዌል ማርሽ ቀየረ። ግቢው ገብተው ሞተሩ ሲጠፋ፣ መታወቂያውን ሊቀበል እንደ ልማዱ እጁን ዘረጋ። ወይዘሮ አርሊስ መታወቂያው ያለበትን የእጅ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ በሁለት እጃቸው ያዙና የመኪናው በር እስኪከፈትላቸው ጠበቁ።