ክላርኔት ነፊው ቶሪቢዮና ሁለቱ መቃብሮች

የኮሎምቢያው ማግዳሌና ወንዝ አቅጣጫውን ቀይሮ ከተማችንን ሞምፖስን ጥሎ ሲሄድ መርከቡም፣ ነጋዴውም፣ ገንዘቡም አብሮት ሄደ። ለእኛ የቀረን የመስኮት ብረትና ረጃጅም የቤተሰብ ስም ነው። ከዚያ ወዲህ የከተማችን ሰው እራት ባይኖረው እንኳ ቅድመ አያቱ ከስፔን ንጉሥ የተቀበሉትን ማዕረግ ይተርክልሃል።

ቶሪቢዮ ከነዚህ አንዱ ነበር። የከተማው ባንድ ክላርኔት ነፊ ነው፤ አነፋፉ ጥሩ ነበር፣ ይህን አልነፍገውም። እናቱ ዴልፊና በወንዙ ደረጃ ላይ የሰው ልብስ ታጥብ ነበር። በገና ሰሞን ከበሮ ሲመታ ዘፈኑን የምታወጣው እሷ ናት፤ ሰፈሩ በሙሉ ይቀበላታል። ልጁ ዜማ የለመደው በጀርባዋ ታዝሎ ነው። ከፍ ሲል ግን ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ "ሪባዴኔይራ ነኝ" አለ። ሪባዴኔይራዎች ዘራቸው ያለቀ ጌቶች ናቸው፤ የሚከራከረው አልነበረም። እናቱ ምሳ ይዛለት ወደ ልምምድ ስትመጣ "ሞግዚቴ ናት" ይላል። እሷም ሳህኑን አስቀምጣ ትመለሳለች።

የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በስቅለት ዕለት የክርስቶስ ምስል የተኛበትን ከባድ አልጋ ከሚሸከሙት ማኅበርተኞች አንዱ መሆን። የሸክሙ ቦታ ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል። ወራሽ ያጣ አንድ ቦታ ሲገኝ የማኅበሩ አለቃ ዶን ሊሳንድሮ፣ "ረቡዕ መካነ መቃብሩ ጋ እናይሃለን" አለው።

በሕማማት ረቡዕ ምሽት የሙዚቃ ባንዱ ሻማ ከበራበት መቃብር ወደ ሌላው እየሄደ ማርሽ የሚባለውን የሐዘን ሰልፍ ዜማ ለሙታን ይጫወታል። መጀመሪያ ግን የሥጋ ዘመድ ቆሞ ሟቹ ምኑ እንደሆነ ለሕዝብ መናገር አለበት። ዘመድ ያልጠራው ሙት ይታለፋል።

ቶሪቢዮ በሪባዴኔይራዎች እብነ በረድ ላይ ትልልቅ ሻማ ደርድሮ፣ "አያቶቼ ናቸው" አለ። ባንዱ ተጫወተ። ዶን ሊሳንድሮ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ከመካነ መቃብሩ ግንብ ሥር፣ በጥር ሞታ በተቀበረችው በእናቱ በዴልፊና አፈር ላይ፣ አብረዋት ልብስ ያጥቡ የነበሩት አጣቢዎች ሻማ አብርተው ቆመዋል። የባንዱ መሪ ኤሊዬሰር ቱባ የሚባለውን ትልቅ የነሐስ መለከቱን መሬት አሳርፎ፣ "ይህችን ማን ይጠራታል?" አለ።

"ልጇ ከእናንተ ጋር ነው" አለች ኤውላሊያ፣ ከአጣቢዎቹ ታላቋ። "አፍ አለው፣ ይናገር።"

"ቶሪቢዮ?"

ቶሪቢዮ የክላርኔቱን አፍ በመሐረብ መጥረግ ያዘ። ዶን ሊሳንድሮ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል።

"አሳድጋኛለች" አለ። "ሞግዚቴ ነበረች።"

"ሞግዚት ዘመድ አይደለችም። ደግሜ እጠይቅሃለሁ፣ ወንድሜ። ምንህ ናት?"

"ነገርኩህ እኮ።"

"ጡቷን ነክሰህ ያደማሃትስ፣ በደሞዝ ነው?" አለች ኤውላሊያ። ሴቶቹ ሳቁ፤ ሳቃቸው ደስ አይልም ነበር። ቶሪቢዮ መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ኤሊዬሰር ቱባውን አነሣና ባንዱ ወደሚቀጥለው ሻማ ሄደ። ዕድሜዋን ሙሉ ከተማውን ስታዘፍን የኖረች ሴት ያለ አንድ ማርሽ ታለፈች።

ዶን ሊሳንድሮ እውነቱን ያውቅ ነበር፤ ያላወቀ ሰው አልነበረም። የራሱም አያት በዚያው የወንዝ ደረጃ ላይ ልብስ ስትቀጠቅጥ ያዩ ሽማግሌዎች ነበሩ። ለዚህ ይመስለኛል የቶሪቢዮን ክንድ ይዞ እየሳቀ፣ "ዓርብ እንገናኝ፣ ልጄ" ያለው። እንዲህ ያለ ማኅበር እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚፈልገው።

ዓርብ ቶሪቢዮ ሐምራዊ ቀሚሱን ለብሶ ተሸከመ። አረማመዱ እንደ ደንቡ ነው፤ ሁለት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ። ላብ በአፍንጫው ይንጠባጠባል። አልጋው ወንዙ ዳር ሲደርስ ኤውላሊያ ከደረጃው ላይ ሆና፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣

"ተሸከም፣ ቶሪቢዮ" አለችው። "እናትህን የተሸከምናት እኛ ነን፤ እሷ እንኳ ቀላል ነበረች።"

እሱም ማርሹ ወደ ኋላ ሲል ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት ሲል ወደ ፊት እያለ አለፈ።