ውሻዬን ዝምታ ያስተማርኩት እኔ ነኝ

ከመርሳ ወደ ሲሪንቃ ከሚወስደው አስፋልት ወጣ ብሎ፣ ከማሽላው ማሳ ጀርባ፣ ከመንደሩ የተነጠሉ ሁለት ቤቶች አሉ። አንዱ የኔ ነው። ሌላው የጎረቤቴ ነበር። በዚያ አካባቢ በሬው የታመመበት፣ ላሙ ወተት የከለከለችው፣ አህያው እግሩን የተሰበረበት ሰው መጀመሪያ የሚመጣው ወደኔ ነው። የትምህርት ቤት በር ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት የጋዜጣ ቁራጭ ላይ፣ አንዱን ሆሄ ቄስ፣ አንዱን ሹፌር እየጠየቅኩ ነው። ይህንንም የምጽፈው በራሴ እጅ ነው፤ ያረመልኝ ሰው የለም። የተማሩ የከብት ባለሙያዎች ሳይቀሩ መኪናቸውን አቁመው «አባባ፣ ይቺ ጊደር ምን ሆነች ይላሉ?» ብለው ጠይቀውኛል፤ ያልኳቸውም ልክ ሆኖ ተገኝቷል። እንስሳ አውቃለሁ። የምጽፈው ነገር ያስፈራኝም ስለማውቅ ነው።

ውሻዬ ዳልቻ ነው፤ አመድማ መልክ ያለው፣ ደረቱ ሰፊ። ከቡችላነቱ ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ጩኸቱን ሰምቼ የመጣውን ለይቼ እናገር ነበር። ለሰው ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ ይጮሃል፤ ለጅብ ድምፁን ያረዝመዋል፤ ለማያውቀው ከብት ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኾ ይተወዋል። ባለቤቴ እህል እየለቀመች ሳለ «ሰው መጣ፤ ሁለት ናቸው» እላታለሁ። ሁለት ሰዎች ይገባሉ። «አንቱማ ከሱ ጋር ሳይወለዱ አይቀሩም» ትለኝ ነበር።

ጦርነቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ጩኸት ዕዳ ሆነ። ውሻ የጮኸበት ግቢ ሰው እንዳለበት ይታወቃል፤ መሣሪያ የያዙት ሰዎች መጀመሪያ ውሻውን ይመቱትና ከዚያ በሩን ይመታሉ። በአንድ ሳምንት ውስጥ በመንደሩ ስንት ውሻ እንዳለቀ ቆጥሬ አልጨረስኩም። ዳልቻውን ልገድለው አልቻልኩም። ስለዚህ አስተማርኩት። ሊጮህ ሲል አፉን በሁለት እጄ ጭብጥ አድርጌ እይዝና ፊቴን ፊቱ ላይ ደቅኜ ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ። ዝም ሲል ቁራሽ ቂጣ እሰጠዋለሁ። በዘጠኝ ቀን ተማረ። ውሻ መጮህ ያስተማረ ሰው ሞልቷል፤ ዝምታ ያስተማረ ግን ከኔ ሌላ አላየሁም። ያኔ ኮራሁበት።

እኛም አብረነው ተማርን። በኛ አገር ወደ ሰው ቤት የመጣ ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ከውስጥ ያለው «ደጆች!» ብሎ ሳይመልስለት የአጥሩን በር አይነካም። ይህንን ሕፃንም ያውቀዋል። በዚያ ሰሞን ከወንዙ ማዶ የሚኖር አንድ ገበሬ «ቤቶች!» ሲባል ጎረቤት መስሎት «ደጆች!» ብሎ ወጣ። በዚያው ቀረ። የጠራው ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ቃሉን ግን አሳምሮ ያውቀው ነበር። ከዚያ ወዲያ ባለቤቴን «ማንም ቢጣራ እንዳትመልሺ» አልኳት። እሷም አልመለሰችም። በመንደሩም የሚመልስ ጠፋ።

ያ ጊዜ አለፈ ተባለ። ከዚያ ደግሞ ሌላው መጣ፤ ተኩሱ አንድ ሰሞን ይርቃል፣ አንድ ሰሞን ይቀርባል። ዳልቻው ግን ወደ ጩኸቱ አልተመለሰም። ኮቴ ሲሰማ ጆሮውን አጥፎ አልጋ ሥር ይገባል። መጀመሪያ ሕመም ነው ብዬ በባትሪ ጉሮሮውን አየሁ፤ ማር በፌጦ አድርጌ አጠጣሁት። ጉሮሮው እንደ ጥጃ ጉሮሮ ንጹሕ ነው። የሌሎቹን ሰዎች ውሾች ዞሬ አየሁ፤ የተረፉትም፣ ከጦርነቱ በኋላ የተወለዱትም አይጮኹም። ቡችሎቹን ማን አስተማራቸው? እናቶቻቸውን እያዩ መሆኑ ነው።

ወፍጮ ቤት ተራ ስንጠብቅ ይህንን ነገር አነሣሁ።

«ጋሼ፣ የርስዎ ውሻ ሱባዔ ገባ እንዴ?» አለኝ ባለወፍጮው፣ ዱቄት ከቅንድቡ ላይ እየጠረገ።

«ምን ያድርግ? ጌታው ለሁለቱም ያወራል» አለ አንዱ ከወረፋው። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። «ያልተማራችሁ ስለሆናችሁ አይገባችሁም» አልኳቸውና ስለ ጅቡ ነገርኳቸው። ሳቁ ቆመ።

ጅብ የሰው ድምፅና የውሻ ጩኸት የሚፈራ አውሬ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከፈፋው አይወጣም። በዚያ በጦርነቱ ሰሞን ግን ምን ሲበላ እንደከረመ ሁላችንም እናውቃለን፤ አፍ አውጥቶ የሚናገረው የለም። ከዚያ ወዲህ ቀን ለቀን ይሄዳል። እኔ ራሴ በቀትር፣ ማሽላው ዳር፣ እንደ ጥጃ ተጋድሞ አግኝቼዋለሁ። ድንጋይ ወረወርኩበት። ተነሣ፤ አልሮጠም። ሰው መሆኔን አይቶ ጥቂት አሰበና ሄደ። ስድሳ ዓመት ሙሉ እንስሳ ሳይ አውሬ ስለኔ ሲያስብ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጅቡ የሚያንዣብበው በጎረቤቴ ፍየሎች ዙሪያ ነበር። ጎረቤቴ ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት ናት፤ ለብቻዋ ነው የምትኖረው። ልጇ ወልድያ ሱቅ አላት፤ ነይ እኔ ጋ ኑሪ እያለች ትለምናታለች። እሷ ግን ቤቷን አትለቅም። አንድ ቀን አጥር ላጥር ሆነን ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ጅብ ደፍሮኛል። ልጄ ካልሄድሽ ትለኛለች። አንቱ ምን ይሉኛል?»

«የት ትሄጃለሽ? እኔ እያለሁ!»

«ውሻዎ እንደሁ ዲዳ ሆኗል።»

«ውሻው ባይጮህ እኔ እጮሃለሁ። ብቻ ጥሪኝ።»

«ወላሂ ይደርሱልኛል?»

«አንድ ጊዜ ብቻ ጥሪኝ አልኩሽ እኮ። ጅብ ከኔ ጋር አይቀልድም።»

ሳቀች። «እንግዲያው ቀረሁ» አለችና ወደ ፍየሎቿ ተመለሰች። እንድትቀር ያደረጋት የኔ ቃል ነው።

ወሩ ጥቅምት ነው፤ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል። ባለቤቴ መርሳ ገበያ ሄዳ ነበር። በዋዜማው ተኩስ ተሰምቶ ስለነበር በሩን ከውስጥ በመወርወሪያ ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ከቀትር በኋላ ነው፤ ፀሐይ በጣራው ቀዳዳ ትገባለች። ዳልቻው ድንገት ቀና አለ። ጆሮውን አጠፈ። አልጋ ሥር ገባ።

«ቤቶች!»

ድምፁ ቀጭን፣ የደከመ ነው፤ የሮጠ ሰው ድምፅ ነው። የወንድ ይሁን የሴት ወዲያው አልለየሁትም። ተነሣሁ፤ ወደ በሩ ሳይሆን ከበሩ ወደ ኋላ ነው የሄድኩት። ጀርባዬ ግድግዳውን ነካ።

«ቤቶች! ኧረ ቤቶች!»

በዚህኛው ለየኋት። እዚህ ላይ መዋሸት እችላለሁ፤ የሚመሰክርብኝ ሰው የለም። ለየኋት። ነገር ግን ወንዝ ማዶ ያለው ሰውዬም የሚያውቀውን ድምፅ የሰማ መስሎት ነበር። ማን ከኋላዋ ቆሞ እንደሚያስጠራት ማን ያውቃል አልኩ በሆዴ። አልጋው አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። ያኔ ዳልቻውን አየሁት። ዓይን ለዓይን ተያየን። እሱ አፉን ገጥሟል። እኔ አፌን በሁለት እጄ ጭብጥ አድርጌ ይዤዋለሁ፤ ልክ እሱን እይዘው እንደነበረው። ማንም አልያዘኝም፤ ራሴ ነኝ የያዝኩት።

ሦስተኛ ጊዜ አልጠራችም። ኮቴዋ ራቀ።

ጎረቤቴ ግቢዬ ድረስ መግባት ትችል ነበር። የአጥሩ በር በገመድ ነው የታሰረው፤ በአንድ እጅ ይፈታል። ጅብ ፍየሏን ይዞባት እየሄደ እሷ «ደጆች!» እስክትባል ከውጭ ቆማ ጠበቀች። ወግ ነው። እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራ ከኛ አገር ሰው በቀር የለም።

ባለቤቴ ከገበያ ስትመለስ ነው ያገኘቻት፤ ግቢዋ ውስጥ፣ ዘነዘና እንደያዘች፣ ግራ እጇ ከክርን በታች ተዘንጥሎ። የፍየሏን እግር አልለቅም ብላ ከጅቡ ጋር ስትጓተት ነው። ከአስፋልቱ ባጃጅ ጠርተው መርሳ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወልድያ ወሰዷት። ባለቤቴ ወደ ቤት ስትመጣ በሩ አሁንም ከውስጥ ተወርውሯል። ከፈትኩላት። መወርወሪያውን አየች፤ እኔን አየች። «አልሰሙም?» አለችኝ። «ተኝቼ ነበር» አልኳት። እኔ ቀን ተኝቼ እንደማላውቅ አርባ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ታውቃለች። 

በሦስተኛው ሳምንት ጎረቤቴ እጇን በሻሽ አንጠልጥላ፣ ከልጇ ጋር ዕቃ ልትይዝ መጣች። ልጅቱ የሚሸከፈውን እየሸከፈች ትነጫነጫለች፤ እናትየው ግን በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ንቅንቅ አላለችም።

«አልሄድም» አለቻት። «ያን ቀን ጋሼ እርሻ ወርደው ነው እንጂ ቤት ቢኖሩማ ይሄ አይደርስብኝም ነበር።»

«እማዬ፣ እኚህ ሽማግሌ ምን ያደርጉልሻል?»

«አንቺ አታውቂያቸውም። እሳቸው ሲጮኹ ጅቡ ሐራ ከተማ ድረስ ነው የሚሮጠው። አይደለም እንዴ ጋሼ?»

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። ምስጋና እወዳለሁ፤ አልደብቅም። በሕይወቴ ብዙ ተመስግኛለሁ፤ የሚገባኝም ይመስለኛል። ያንን ምስጋና ብቀበል ሴትዮዋ እዚያው ትቀራለች፤ ጅቡም ይመጣል፤ እሷም ትጠራኛለች። ያን ጊዜ በሩን እንደምከፍት እርግጠኛ አልነበርኩም። ከጅቡ ይልቅ ያስፈራኝ ይኸው ነው።

«ቤት ነበርኩ» አልኳት።

ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። «የት ቤት?»

«እዚሁ። ውስጥ።»

«ስጣራ ሰምተውኛል?»

«ሰምቼሻለሁ።»

«እኔ መሆኔን አላወቁም ነበራ።»

እጄ ወደ አፌ ሄደ። እሷም ገባት። ልጅቱ አፏን ከፍታ ልትሰድበኝ ነበር፤ እናትየው በደህናው እጇ ያዘቻት። «ተይ። ሁሉም ሰው እንዲህ ሆኗል» አለች። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሁሉም ሰው ስትል እኔንም ከሁሉም ጋር ቆጠረችኝ፤ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ከሰው የተለየሁ ነኝ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ተነሥታ ምንጣፏን ጠቀለለች። የቀሩትን ፍየሎች በዚያው ቀን ሰው ነዳቸው።

አሁን በዚያ ወገን ያለው ቤት የኔ ብቻ ነው። ትናንት በጠራራ ፀሐይ ጅቡን ጎረቤቴ ግቢ መሐል፣ እሷ ትቀመጥበት በነበረው በረንዳ ጥላ ሥር ተኝቶ አየሁት። ባለቤቴ ከጀርባዬ ቆማ «ይጩሁበት እንጂ!» አለችኝ። ጮህኩበት። ባለኝ ድምፅ ሁሉ ነው የጮህኩት፤ አስፋልቱ ላይ የሚሄድ ሰው ዞሮ እስኪያይ ድረስ። ጅቡ አንገቱን ቀና አድርጎ አየኝና መልሶ ጋደም አለ። ከጩኸቴ የሸሸው ዳልቻው ነው። እስኪመሽ ብጠራው ከአልጋው ሥር አልወጣም አለኝ።