በቁጥር የተማርኩት ክራር

መካነ ሰላም ላይ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር፣ ዴስክ የሚያንኳኳ ተማሪ አልወድም ነበር። አንዱን በተለይ አልረሳውም። እኔ ማካፈል ሳስረዳ እሱ ዴስኩን ከበሮ ያደርግብኛል። ጣቶቹን ማስመሪያ አቀመስኳቸው፤ አንዴም አይደል፣ ደጋግሜ። ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ክራር ልማር ብዬ ወጣት ማዕከል ስሄድ፣ አስተማሪው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እሱ ራሱ።

«ቲቸር፣ ይግቡ» አለኝ ብድግ ብሎ። ወላሂ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባቴ ሼህ ነበሩ፤ ቤታችን መንዙማ እንጂ ክራር አይገባም። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ያምረኝ ነበር። ታላቅ እህቴ መማሬን ስትሰማ፣ «ካረጁ አይበጁ! በዚህ በደረቀ ጣትሽ?» አለችኝ። ተናደድኩ። «በወላጆች ቀን ካስተማርኩበት ትምህርት ቤት አዳራሽ መድረክ ላይ ወጥቼ እጫወታለሁ፤ መጥተሽ ትሰሚያለሽ» አልኳት። አፌ ቀደመኝ። በሳምንቱ ገበያ ላይ ሽንኩርት ሻጯ ሳትቀር «መቼ ነው?» ትለኝ ጀመር።

የሒሳብ ሰው ነኝና በሒሳብ ያዝኩት። ስድስቱን ክሮች ቁጥር ሰጠሁና ትዝታን በደብተር ጻፍኩት፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት እያልኩ። ልጁ «ቁጥሩን ይተዉትና ይስሙት» ቢለኝ አልሰማሁም። ይቃኙት ብሎ ክራሩን ሲያቀብለኝም «ጆሮ የለኝም» ብዬ እመልስለታለሁ።

«አለዎት እንጂ» አለኝ አንድ ቀን። «ዴስክ ሳንኳኳ ከዚያ ሁሉ ተማሪ መሀል እኔን ለይተው ይሰሙኝ አልነበር?»

ስቄ ሞትኩ፤ አፈርኩም።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል፣ እህቴ ከፊት ተቀምጣለች። ከእኔ በፊት ልጆች እኔ በምጫወትበት ክራር ባቲ ተጫውተው ወረዱ። ወጣሁና ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት ብዬ ጀመርኩ። የማላውቀው ዜማ ወጣ። ደገምኩት፤ ያው ነው። ልጆቹ ክራሩን ለባቲ ቃኝተውት ኖሯል፤ የእኔ ደብተር ደግሞ የሚሠራው ለትዝታ ቅኝት ብቻ ነው። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። እህቴ አንገቷን ደፋች።

አስተማሪዬ ሊቃኝልኝ ከጥግ ተነሣ። «ተቀመጥ» አልኩት። ማይኩ ክፍት ነበርና በሩ ላይ የቆሙት ሁሉ ቦታ ፈልገው ተቀመጡ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። የመጀመሪያው ክር ደህና ነው። ሁለተኛው ቅር አለኝ፤ አላላሁት፣ አለፈ፣ መለስኩት። ሦስተኛውንም እንዲሁ። አምስተኛው አስቸገረኝ፤ ሰው ያጉረመርማል፣ ያረቢ እያልኩ ጠመዘዝኩት። ከዚያ ልክ መጣ። ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩት፤ ከደስታዬ የተነሣ እንባ እንባ አለኝ።

ተጫወትኩ። ደብተሩ ከጭኔ ወድቆ ነበር፤ አላነሣሁትም። እኩሌታው ላይ ስደርስ ከጥግ ዴስክ የሚያንኳኩ ጣቶች ሰማሁ። ቀና ሳልል ለየኋቸው፤ ምታቸውን ይዤ አብሬ ሄድኩ። ስጨርስ መጀመሪያ ብድግ ያለችው እህቴ ናት። «እህቴ ናት፣ የእናቴ ልጅ» ትላለች ለጎረቤቷ ሁሉ። ያን ቀን ኮራሁ፤ አልደብቅም።

በማግስቱ ደብተር ሳልይዝ ማዕከሉ ሄድኩ።

«መጀመሪያ በማስመሪያ ስለመታኋቸው ጣቶችህ አፉ በለኝ» አልኩት። «ቀጥሎ ባቲን አስተምረኝ።»

ልጁ ክራሩን አነሣና ክሮቹን ሁሉ አላልቶ ሰጠኝ። «ይቃኙት» አለኝ።